ሰርቪስ ቤት ሁለተኛ ራውተር ሰክቼ የቤቱ ሁሉ ኢንተርኔት ጠፋ

የጎሮዋ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የታገልኩት ነገር ስላለ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ቤታችን ጎሮ ነው። ዋናው ቤት ከፊት፣ ሰርቪስ ቤቱ ከኋላ፣ መሃል ላይ ግቢ። በእርምጃ ለካሁት፤ ከሳሎን በር እስከ ሰርቪሱ በር 22 እርምጃ ነው። ፋይበሩ የገባው ሳሎን ነው። ራውተሩም እዚያው ከቴሌቪዥኑ በላይ ግድግዳ ላይ ነው ያለው።

እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ሰርቪስ ቤት ካሉት ክፍሎች ሰፋ ያለውን አድሰንላት እዚያ ገብታለች። ፀሐይ ይገባል፣ ኩሽናው ቅርቧ ነው፣ ወዳዋለች። ዋይፋይ ግን አይደርስም። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት ነው። እህቴ የምትኖረው ሪያድ ነው። ማታ ከሥራ ስትወጣ በቪዲዮ ትደውላለች። እማዬ ጋቢዋን ደርባ ግቢ ወጥታ፣ ቆማ ነው የምታወራት። በሐምሌ ብርድ አስቡት።

ቁም ሳጥን ውስጥ የቆየ ቲፒ-ሊንክ ራውተር ነበረን። 30 ሜትር ኬብል ገዛሁ። ከሳሎኑ ራውተር ላን ፖርት (የቤቱ ዕቃዎች የሚሰኩበት ቀዳዳ) አውጥቼ ግቢውን አሻግሬ የአሮጌው ራውተር ላን ፖርት ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ ሠራ! እማዬ ክፍል ውስጥ ምልክቱ ሙሉ ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን የወንድሜ ላፕቶፕ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ። ቀጥሎ የወንድሜ ሚስት ስልክ። የእኔ ስልክ ግን ይሠራል። ኬብሉን ስነቅለው ዋይፋያቸውን አጥፍተው ሲያበሩ ይመለስላቸዋል። መልሼ ስሰካው እንደገና አንድ በአንድ ይጠፋል።

ኬብሉን ዋን የሚለው ፖርት (ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበት ቀዳዳ) ላይም ሞክሬዋለሁ። ያኔ ሁሉም ጋ ኢንተርኔት አለ። ግን የወንድሜ ልጅ የሚያጠናው እማዬ ክፍል ነው፤ ሳሎን ያለውን ፕሪንተር ከዚያ ሆኖ አያገኘውም።

አንድ ባለሙያ ጠርቼ ነበር። ሁለት ደቂቃ አይቶ «ራውተሩ ተበላሽቷል፣ አዲስ ግዢ» ብሎኝ ሄደ። ከመግዛቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።


ላን ካርድ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:05

እህቴ፣ ገንዘብሽን አትንኪ። አራት ነገር ንገሪን።

የሳሎኑ ራውተር አድራሻ ስንት ነው? የአሮጌውስ? የወንድምሽ ላፕቶፕ ኢንተርኔት ሲጠፋበት የያዘው አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ስንት ይላል? አሮጌው ላይ ዲኤችሲፒ የሚለውን ነክተሽዋል ወይስ እንዳለ ነው?


የጎሮዋ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:31

ሳሎን ያለው 192.168.100.1 ነው። አሮጌው ከጀርባው የተለጠፈበት 192.168.0.1 ይላል። አሁን መልሼ ሰክቼ አየሁት፤ የወንድሜ ላፕቶፕ 192.168.0.103 ነው የያዘው። የእኔ ስልክ 192.168.100.14። ዲኤችሲፒውን አልነካሁትም፤ ምን እንደሆነም አላውቅም።


ጡረተኛው ቴክኒሺያን · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:20

ልጄ፣ ራውተርሽ ደህና ነው። የላክሻቸው አራት ቁጥሮች ሁሉንም ይናገራሉ።

ባንክ ስትገቢ በሩ ላይ የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን አለ አይደል? ዲኤችሲፒ እንደዚያ ነው። ስልክም ይሁን ላፕቶፕ ከኔትወርኩ ሲገናኝ መጀመሪያ «ቁጥር ስጡኝ» ይላል። ራውተሩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ «ወደ ውጭ ለመውጣት በዚህ መስኮት ሂድ» ብሎም ይነግረዋል። የእናንተ ቤት ትክክለኛው መስኮት 192.168.100.1 ነው፤ ፋይበሩ ያለው እዚያ ስለሆነ።

አንቺ አሮጌውን በላን ስትሰኪው እዚያው ባንክ ውስጥ ሁለተኛ የቁጥር ማሽን አቆምሽ። እሱም ቁጥር ያድላል፤ «መስኮትህ 192.168.0.1 ነው» ይላል። ያ መስኮት ራሱ አሮጌው ራውተር ነው። ከኋላው ፋይበር የለም። ላፕቶፑ እዚያ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚያስተናግደው ግን የለም። «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ማለት ይኸው ነው።

አንድ በአንድ የጠፋበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ቀድሞ ቁጥር የያዘ ዕቃ ይዞት ይቆያል። አዲስ ሲጠይቅ ደግሞ ቀድሞ የመለሰለትን ማሽን ይቀበላል። አንዳንዱን ሳሎኑ ይቀድመዋል፣ አንዳንዱን ሰርቪሱ። ስልክሽ የተረፈው ከመጀመሪያውም የሳሎኑን ቁጥር ስለያዘ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ራውተር ቁጥር ማደሉን ይተው። ምልክት የሚያሰራጭ ዕቃ ብቻ ይሁን። እንዲህ አድርጊ።

ግቢውን ያሻገርሽውን ኬብል ለጊዜው ንቀይው። ላፕቶፕ በአጭር ኬብል ከአሮጌው ራውተር ላን ፖርት ጋር አገናኚ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፊው፣ አለበለዚያ የትኛውን እያናገርሽ እንደሆነ ይምታታብሻል። ብራውዘር ላይ 192.168.0.1 ብለሽ ግቢ። መጀመሪያ የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ አስተካክይ። ቀጥሎ ላን የሚለው ውስጥ ገብተሽ የራውተሩን አድራሻ ወደ 192.168.100.2 ቀይሪ። ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ የምትገቢው በአዲሱ አድራሻ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ልብ በይ መጨረሻ ላይ፣ ዲኤችሲፒውን አጥፊ። ቀድመሽ ካጠፋሽው ላፕቶፑ ቁጥር የሚሰጠው ያጣና ተመልሰሽ ለመግባት ትቸገሪያለሽ።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ረጅሙን ኬብል መልሺው። ከሳሎኑ ላን ወደ አሮጌው ላን። ዋን ፖርቱ ባዶውን ይቀመጥ።

አንድ ነገር ቀረ። ሳሎን ያለው ራውተር ቁጥር የሚያድለው ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ እይ። ከ2 እስከ 254 ከሆነ መነሻውን ወደ 10 ከፍ አድርጊው። አለበለዚያ አንድ ቀን 192.168.100.2ን ለአንዱ ስልክ ሰጥቶ ሁለቱ ይጋጫሉ።


አያት ኮንዶሚኒየም · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:48

ይህን ሁሉ ከምትለፊ ሶኬት ላይ የሚሰካ ኤክስቴንደር ግዢ። እኔ ቤት በአምስት ደቂቃ ነው የገጠምኩት፤ ኬብል የለ፣ ሴቲንግ የለ።


ላን ካርድ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:10

አያት፣ ላንተ ቤት ትክክል ነው። የኮንዶሚኒየም ክፍሎች ቅርብ ለቅርብ ናቸው። የእሷ ግን ሌላ ነው።

ኤክስቴንደር ከራሱ የሚፈጥረው ምልክት የለም፤ የደረሰውን ተቀብሎ ነው የሚያስተላልፈው። ጥሩ ምልክት ካልደረሰው የሚያስተላልፈውም ደካማ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ብትሰካው ዋይፋዩ እዚያ አይደርስም፤ ችግሯ ራሱ እሱ ነው። የሚደርስበት ቦታ ግቢው መሃል ነው፣ እዚያ ደግሞ ሶኬት የለም። በዚያ ላይ አንድ ሬድዮ ብቻ ያለው ኤክስቴንደር በዚያው ቻናል እየሰማ በዚያው ቻናል ይናገራል። ሲሰማ አይናገርም፣ ሲናገር አይሰማም። ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ለቪዲዮ ጥሪ ይህ ይሰማል።

እሷ ኬብሉን ጎትታ ጨርሳለች። ከባዱ ሥራ አልፏል።


አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ · እሑድ፣ ከሌሊቱ 8:15

ከዚህ ሆኜ ሳነበው የራሴን ቤት አስታወሰኝ። እኔ ቤት ወላጆቼ የሚተኙት ምድር ቤት ነው፣ ራውተሩ ሁለተኛ ፎቅ። ግድግዳ መብሳት አልፈለግሁም። እዚህ አገር ብዙ ቤት ድሮ የተቀበረ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር ስላለው በሁለቱም ጫፍ ሞካ የሚባል አስማሚ ሰክቼ በዚያው መስመር ኢንተርኔቱን አወረድኩት። ታች ያለውን ራውተር ልክ ጋሼ እንዳሉት አድርጌ አስቀመጥኩት። አራት ዓመት ሆነው፣ አንድ ቀን አላስቸገረኝም።

አንዳንድ ሰው በመብራት መስመር የሚያስተላልፈውን ፓወርላይን ይመክርሽ ይሆናል። ሰርቪስ ቤታችሁ የራሱ ቆጣሪ ካለው አትሞክሪው። ምልክቱ ከአንዱ ቆጣሪ ወደ ሌላው ሲያልፍ ይዳከማል፣ ወይ ጭራሽ አያልፍም።


ኬብል በሜትር · እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:00

መርካቶ የኔትወርክ ዕቃ ነው የምሸጠው። ስለ ኬብሉ ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳ።

እህቴ፣ የገዛሽው ኬብል ሽቦው መዳብ ነው ወይስ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም? ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ጫፉን ላጪና አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቂያት። ውስጧም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ብርማ ሆኖ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ መዳቡ ይለመጣል። ለ30 ሜትር አሉሚኒየሙም ሊሠራልሽ ይችላል። ግን ውጭ የሚዘረጋ ኬብል በነፋስም በዶሮም ይነካካል፤ መዳቡን እመርጥልሻለሁ። ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ደረጃ ይበቃሻል። ርዝመቱም አያሳስብሽ፤ የዚህ ኬብል ገደብ 100 ሜትር ነው።

ጫፉን ራስሽ ከሆነ የምታስሪው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የሶኬቱን ምላስ ወደ ታች፣ ኬብሉ የሚገባበትን አፉን ወደ አንቺ አድርገሽ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አረንጓዴዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ነው። ሰማያዊዎቹ አረንጓዴዎቹ መሃል ይገባሉ።

ደግሞ ኬብሉን ራቁቱን ፀሐይ ላይ አትተዪው። የቤት ውስጥ ኬብል ልባሱ በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይገባዋል። ኤሌክትሪሺያኖች የሚጠቀሙበትን ፕላስቲክ ቱቦ ግዢና በዚያ አሳልፊው። ወደ ቤት ከሚገባበት ቀዳዳ በታች ትንሽ ወደ ታች አዘቅዝቀሽ መልሰሽ አስገቢው። ዝናቡ ኬብሉን ተከትሎ ወርዶ እዚያች ማጎንበሻ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ግድግዳሽ ውስጥ አይገባም።


አዳማ 24 · እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:25

የኬብሉን ነገር ካነሳችሁ መብረቅ አትርሱ። ባለፈው ክረምት እኛ ግቢ አጠገብ ወደቀ። ቤቱ ላይ አልወደቀም፤ ግን በሁለቱ ቤቶች መሃል የተዘረጋው ኬብል ጫፍና ጫፍ ላይ የነበሩት ራውተሮች ሁለቱም ተቃጠሉ። ሌላ ምንም ዕቃ አልተነካም።


ጡረተኛው ቴክኒሺያን · እሑድ፣ ከጠዋቱ 5:10

አዳማ ጥሩ አስታወስክ። ምክንያቱን ልጨምር።

ሁለት ቤት ሁለት የተለያየ የመሬት መስመር ሊኖረው ይችላል። መብረቅ አካባቢው ላይ ሲወድቅ የሁለቱ መሬት ቮልቴጅ ለቅጽበት ይለያያል። በመካከላቸው ያለው መዳብ ድልድይ ይሆናል፣ ራውተሮቹም ያን ሁሉ ይሸከማሉ። ከፍ ያለ ኬብል ደግሞ እንደ አንቴና ይሰበስባል።

ልጄ፣ ለአሁን ነጎድጓድ ስትሰሚ ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ንቀይው። ከአንዱ ብቻ መንቀል አይበቃም። አቅም ሲኖር ደግሞ በግቢው መሃል ያለውን መዳብ በፋይበር ቀይሪው። በሁለቱ ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር የሚባል፣ የመዳቡን ምልክት ወደ ፋይበር የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ይደረጋል። ፋይበር መስታወት ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብረት ያለበት ማጠናከሪያ የሌለውን ዓይነት ጠይቂ።


የጎሮዋ · እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ 9:40

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም አነበብኩት፣ ወንድሜንም አስነበብኩት። አሁን እየሠራሁ ነው፣ ግን ቆሜአለሁ።

ስምና ፓስዎርዱን ቀየርኩ። አድራሻውን ወደ 192.168.100.2 ቀየርኩ። ጠፍቶ ተነሳ። ከዚያ ዲኤችሲፒውን አጠፋሁ፣ እንደገና ተነሳ። ከዚያ የዋይፋይ ቻናሉን ላይ ብዬ ተመልሼ ልገባ ስል አልገባም አለኝ። ላፕቶፑ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ነው የያዘው። ሪሴት ላድርገው?


ላን ካርድ · እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ 9:52

ሪሴት አታድርጊ! የሠራሽው ሁሉ ይጠፋል። ደህና ነሽ፣ እንዲያውም ዲኤችሲፒው በትክክል መጥፋቱን ነው የሚያሳየው። ላፕቶፑ ቁጥር ጠይቆ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ያወጣል።

ላፕቶፑ ላይ አድራሻውን በእጅሽ ጻፊ። አይፒው 192.168.100.50፣ ሰብኔት ማስኩ 255.255.255.0። ከዚያ 192.168.100.2 ብለሽ ግቢ። ስትጨርሺ መልሰሽ «በራስህ አግኝ» የሚለው ላይ ማድረጉን አትርሺ፤ ይህን ረስቶ ሌላ ቦታ ሲሄድ ዋይፋይ እምቢ ያለው ስንቱ ነው።


የጎሮዋ · እሑድ፣ ከምሽቱ 12:30

ገባ! ሁሉንም አስተካክዬ ረጅሙን ኬብል ላን ለላን ሰካሁት። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነው። ላፕቶፑም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ስልኮቹም ሁሉም 192.168.100 የሚለውን ነው የያዙት። የወንድሜ ልጅ እማዬ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ሳሎን ያለው ፕሪንተር ላይ አተመ፤ ወረቀቱን ሊያመጣ ሲሮጥ ሊወድቅ ነበር።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የሁለቱን ዋይፋይ ስም አንድ ዓይነት ላድርገው ወይስ ልለየው? ቻናሉስ?


ላን ካርድ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1:05

እልል! ስሙን አንድ አድርጊው። ፓስዎርዱም፣ የሴኩሪቲው ዓይነትም በሁለቱም አንድ ይሁን። እናትሽ ከሰርቪስ ወደ ሳሎን ስትመጣ ስልኳ ራሱ ይቀይራል። አንዳንድ ስልክ ግን የያዘውን ቶሎ አይለቅም፤ ምልክቱ አንድ መስመር ሆኖ እንኳ የሙጥኝ ይላል። ያኔ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ነው። ሁልጊዜ የሚያስቸግራት ከሆነ የሰርቪሱን ስም ለይተሽ ስልኳ ላይ እሱን ብቻ አስቀምጪላት።

ቻናል ላይ ግን ለዪ። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ሳሎኑን 1፣ ሰርቪሱን 11 አድርጊ፤ የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ላይ ተዪው። ሁለቱም አንድ ቻናል ላይ ከሆኑ ተራ ይጠባበቃሉ። 3 እና 8 የመሳሰሉትን መምረጥ ደግሞ ይብሳል፤ ከጎረቤት ጋር በከፊል ይደራረባሉ።


ሰሚት አከራይ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1:30

በዚሁ ልጠይቅ። እኔ ሰርቪስ ቤቱን ለሦስት ልጆች አከራይቻለሁ፣ ዋይፋይም አብሬ ነው የምሰጠው። ሳሎን ውስጥ የካሜራ መቅጃ፣ የባለቤቴ የሥራ ኮምፒውተር አለ። እኔ ሁለተኛውን በዋን ፖርት ሰክቼ ዲኤችሲፒውን ሳላጠፋ ብተወው ተከራዮቹ ከእኛ ይለያሉ አይደል?


አያት ኮንዶሚኒየም · እሑድ፣ ከምሽቱ 1:41

አዎ ይለያሉ። የአይፒው ረድፍ የተለያየ ስለሆነ አይገናኙም።


ጡረተኛው ቴክኒሺያን · እሑድ፣ ከምሽቱ 2:20

አያት ይቅር በለኝ፤ ይህን ሰው አምኖ ካሜራውን ክፍት እንዳይተው ማረም አለብኝ።

በዋን የተሰካ ራውተር እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚመጣውን ያግዳል። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣውን አያግድም። ተከራዮቹ ከሁለተኛው ራውተር ኋላ ከሆኑ ለነሱ ውጭ የሚባለው የአንተ ሳሎን ነው። ኢንተርኔታቸው የሚያልፈው በዚያ ነው። አንዱ ልጅ የካሜራ መቅጃህን አድራሻ ብራውዘር ላይ ቢጽፍ የመግቢያው ገጽ ይከፈትለታል። ኮምፒውተሩ በራሱ ተፈልጎ አይታየውም እንጂ አድራሻውን ካወቀ ይደርስበታል። ተለይተናል ብላችሁ ትተኛላችሁ፤ በሩ ግን ወደ እናንተ በኩል ክፍት ነው።

ትክክለኛው አቀማመጥ ግልባጩ ነው። ዘበኛው ደጅ ላይ የሚቆመው ለአንተ ነው። ሁለተኛውን ራውተር ሳሎን አስቀምጠው። በዋን ፖርቱ ከዋናው ራውተር ጋር አገናኘው፣ ዲኤችሲፒው ይሥራ፣ የራሱ የተለየ ረድፍ ይኑረው። ካሜራ፣ ኮምፒውተር፣ የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ከሱ ኋላ ይግቡ። ዋን ላይ ሲጠይቅህ «ዳይናሚክ አይፒ» ምረጥ። የፋይበር ዩዘርኔምና ፓስዎርድ እዚህ አይገባም፣ እሱ ዋናው ራውተር ላይ ነው። ተከራዮቹ ደግሞ ከዋናው ራውተር ጋር ይቅሩ። ሰርቪስ ላይ ምልክት ካልደረሳቸው ለነሱ እንደ ጎሮዋ ልጅ በላን የተሰካ ሌላ ራውተር ታደርግላቸዋለህ። እነሱ ወደ አንተ ሊገቡ ሲሞክሩ ዘበኛው ይመልሳቸዋል።

የዋናውን ራውተር የማስተካከያ ፓስዎርድ ዛሬውኑ ቀይረው። ከፋብሪካ የመጣው ከሆነ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተጽፎ ሁሉም ያየዋል።

ጌስት ኔትወርክ (ለእንግዳ የሚከፈት የተለየ ዋይፋይ) ይበቃል የሚልህ ካለ ተጠንቀቅ። ዋናው ራውተር ላይ ሲሆን ጥሩ ነው። በላን በተሰካ ሁለተኛ ራውተር ላይ ግን ብዙዎቹ ሞዴሎች እንግዳውን ከዋናው ኔትወርክ አይለዩትም።


ሰሚት አከራይ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2:34

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ልክ እርስዎ ባሉት ተቃራኒ ነበር የዘረጋሁት። አሁን ከስልኬ የተከራዮቹን ዋይፋይ ይዤ የካሜራውን አድራሻ ጻፍኩ። ተከፈተ።


አያት ኮንዶሚኒየም · እሑድ፣ ከምሽቱ 2:50

ጋሼ ስላረሙኝ አመሰግናለሁ። ለሁለት ሰው እንዲህ ብዬ ነግሬአለሁ፤ አሁኑኑ እደውልላቸዋለሁ።


አዳማ 24 · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:15

የጎሮዋ፣ መብራት ሲጠፋ እንዴት ልታደርጊ ነው? አሁን ሁለት ራውተር ነው ያለሽ። ሳሎኑ ብቻ ባትሪ ቢኖረው የእናትሽ ይጠፋል።

ለራውተር የሚሆን ትንሿ ዩፒኤስ አለች፣ በቀጥታ 5፣ 9 እና 12 ቮልት የምትሰጥ። ስትገዢ ግን የሁለቱንም ራውተር አዳፕተር ገልብጠሽ አንብቢ። ብዙ የፋይበር ራውተር 12 ቮልት ነው። አሮጌ ቲፒ-ሊንኮች ብዙ ጊዜ 9 ቮልት ናቸው። ሶኬታቸው አንዱ ካንዱ ይገባል፣ ቮልቴጁ ግን አይገጥምም። እኔ የ12ቱን የ9ኙ ላይ ሰክቼ ራውተሩ ከዚያ በኋላ አልበራም። አምፒሩም አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ማነስ የለበትም።


የጎሮዋ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

ሦስት ቀን ቆይቼ መጣሁ፣ መሥራቱን ላረጋግጥ ብዬ። አንድም ዕቃ አልጠፋም።

ኬብሉን በምላጭ ፋቅሁት፤ ቀይ ነው። ቱቦውን ወንድሜ በአጥሩ ጥግ አሳለፈው። ትናንት ሲያጉረመርም ሁለቱንም ጫፍ ነቀልን፣ ሲያባራ መለስነው። ለእማዬ ራውተር ትንሿን ዩፒኤስ ገዛሁ። የኛው 9 ቮልት ነው፣ አዳማ ባይነግረኝ 12ቱ ላይ ልሰካው ነበር።

ዛሬ ማታ እህቴ ስትደውል እማዬ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ነበር። እህቴ መጀመሪያ ያለችው «እማዬ፣ ዛሬ ግቢ አይደለሽም?» ነው። አርባ ደቂቃ አወሩ። ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፋ ቡናዋን እየጠጣች።


ሐዋሳ ሐይቅ ዳር · ከሁለት ወር በኋላ፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:40

ይህን ክር ተከትዬ ሠራሁት። ለሌላ ሰው ይጠቅም እንደሆነ፣ የእኔ ራውተር አዲስ ስለሆነ «አክሰስ ፖይንት ሞድ» (ምልክት ማሰራጨት ብቻ) የሚል ምርጫ አለው። እሱን ስመርጥ ዲኤችሲፒውን ራሱ አጠፋው። ኬብሉ ዋን ፖርት ላይ ቢሰካም ይሠራል።

ችግር የገጠመኝ አንድ ጊዜ ነው። ኬብሉ ሲተርፈኝ ይጠነክራል ብዬ ሁለት ኬብል በሁለቱ ራውተሮች መሃል ሰካሁ። መብራቶቹ ሁሉ ባንዴ ይብለጨለጩ ጀመር፣ ኢንተርኔቱም ቆመ። አንዱን ስነቅለው ተመለሰ።


ላን ካርድ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5:02

ሉፕ ይባላል። መልእክቱ በአንዱ ኬብል ሄዶ በሌላው ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል፣ ማቆሚያ የለውም። በሁለቱ መሃል አንድ ኬብል ብቻ።

የራውተርህን አዲስ አድራሻ የሆነ ቦታ ጽፈህ አስቀምጥ። አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ ሲሆን አንዳንዱ ከዋናው ራውተር አድራሻ ስለሚቀበል የድሮው አድራሻ አይከፍትልህም። ከዋናው ራውተር ዝርዝር ውስጥ ፈልገህ ታገኘዋለህ።


የጎሮዋ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5:30

እኔ ነጭ ፕላስተር ቆርጬ 192.168.100.2 ብዬ በማርከር ጽፌ ራውተሩ ጀርባ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከሥሩ ደግሞ «9 ቮልት»።